የእትዬ ውድነሽ የውሃ አበባ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29፣ ማታ 1፡30

ደብተሬ፣ ዛሬም እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ዋልኩ። ቦቲዬ አሁንም ያስገባል፤ ለአካባቢ ጥበቃ መ/ቤታችን ከነገርኩ ሁለት ወር። እምቦጩን ከነሥሩ እንነቅላለን፣ ተሸክመን ደረቁ ላይ እንከምራለን። በሳምንቱ እዚያው ቦታ አዲስ አረንጓዴ። የተሳለቀብኝ ይመስለኛል። ይሄ የሀዋሳ ሐይቅ ጥግ እስከ አምና ፊላ ብቻ ነበር። ከየት መጣ?

አለቃዬ አቶ መ. መልሱን ያውቁታል። ሁልጊዜ ያውቁታል። ዓሣ አጥማጆቹ በሚያዝያ ከሌላ ሐይቅ ያገለገለ መረብ አምጥተዋል፣ አረሙም በመረቡ ተጠልፎ ገብቷል። እኔ ሪፖርቱ ላይ «ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ታትሞ ሲመጣ «ሊሆን ይችላል» ወጥቶ «ነው» ሆኗል። አየሁት። ደክሞኝ ነበር። ፈረምኩ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1፣ ከሰዓት

ጀልባዎቹ ታገዱ። ዘጠኝ ጀልባ ደረቁ ላይ ተደፍቶ ይታያል። መረቦቹ ታጥበው ፀሐይ ይምታቸው ተባለ። በነሐሴ! የምን ፀሐይ? ያውም ፍልሰታ ገብቶ ዓሣ በሚፈለግበት ሰሞን።

ትእዛዙን ያነበብኩላቸው እኔ። አቶ መ. ስብሰባ ነበራቸው።

ጋሽ ላሊሶ፣ የአጥማጆቹ ትልቅ፣ አንብቤ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ለልጆቻቸው በሲዳምኛ የሆነ ነገር አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦ «ልጄ፣ እኛ መረብ የምናወርደው እዚህ ነው። ቅጠሉ የበቀለው እዚያ፣ የከተማው ጎርፍ በሚገባበት ቦይ አፍ ላይ። ቅጠል በእግሩ ሄደ?»

ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልኩ። ነፋሱ ከዚያ ወደዚህ ነው የሚነፍሰው አሉ።  ማስታወቂያውን ለጥፌ ሄድኩ። 

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ፒያሳ፣ ሜሪ ጋ ፀጉሬን ልሠራ ገባሁ። ካስክ ውስጥ ተቀምጬ መስታወቱ ሥር አየሁ፦ የብርጭቆ ጆግ፣ ጆጉ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ላይ ሆዱ ያበጠ ግንድና ሐምራዊ አበባ። እምቦጭ። በሪባን ታስሮ!

ጮኼ ተነሳሁ መሰለኝ፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ሜሪ ግን ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ከአማትሽ ነዋ። ለሰፈሩ ሁሉ አድለዋል እኮ። አንቺ አልደረሰሽም?»

አልደረሰኝም። ከነእርጥብ ፀጉሬ ጆጉን ታቅፌ በባጃጅ ቤት ገባሁ። ሹፌሩ አበባው ያምራል አለኝ። የጆጉን አፍ በመዳፌ ከደንኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

እትዬ ውድነሽ የባሌ የሰለሞን እናት ናቸው። በጥር ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ጓሮ ያለው ሁለት ክፍል ተከራይተዋል። እኔ ከሐይቁ አረም ጋር ስታገል ከፋሲካ ወዲህ ጓሯቸውን አላየሁም። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ገባሁ።

ስድስት ሳፋ። አንድ የሕፃን ገንዳ። ሁሉም ጢም ብሎ እምቦጭ።

እሳቸው በደስታ ያስጎበኙኛል። ከመንገድ ዳር አበባ ሻጭ አንዲት ብቻ ገዝተው፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ጭናቸው ላይ ይዘዋት መጡ። እዚህ ስትደርስ ወለደች። የሀዋሳ ሙቀት ተስማማት ይላሉ። ተስማማት!

ይሄ እኮ በቴሌቪዥን የሚያዩት፣ ጣናን የወረረው ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ያኛው ክፉ ነው፣ የእኔዋ ጨዋ ናት አሉ። ደብተሬ፣ አማት ናቸው፣ አይጮኽባቸውም። 

ከዚያ እየፈራሁ ጠየቅሁ። ሳፋው ሲሞላ ትርፉን የት ያደርጉታል?

«ነፍስ ያለው ነገር ቆሻሻ ላይ ይጣላል እንዴ ትዕግስት? ውሃ ያለበት ሰደድኳት እንጂ።»

በጓሮ በር። ጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5፣ ማታ 2 ሰዓት

ቦዩን ከጓሯቸው ጀምሬ እስከ ሐይቁ በእግሬ ተከተልኩት። በዝናብ። ድልድዩ ሥር አለ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ተጣብቆ አለ። ጎማ መለጠፊያው ጀርባ አብቧል። መጨረሻው ቦዩ አፍ፣ ጋሽ ላሊሶ በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ።

ምንም ጥርጥር የለውም። መረቡ አይደለም። የእኔ ቤተሰብ ነው።

ለሰለሞን ነገርኩት። ዝም ብለሽ ንቀይው አለ። ማን ጠየቀሽ፣ እናቴን በስተርጅና የሰፈር መሳቂያ ልታደርጊያት ነው ወይ። ዘጠኝ ጀልባ ታስሯል አልኩት። ያሰረው መ/ቤቱ ነው፣ እናቴ አይደለችም አለ። እውነቱን ነው። መ/ቤቱ ማለት ግን እኔ ነኝ፤ ፊርማው የኔ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

እትዬ ውድነሽ ያደሉበትን ቤት እያኮረፉ ቆጠሩልኝ። አሥራ አንድ። ቤት ለቤት መልሱልኝ እያልኩ ስለምን ዋልኩ። አንዷ ስጦታ አይመለስም ብላ በር ዘጋችብኝ። አንዷ ሰጥታ ስታበቃ ቅርንጫፍ አስቀርታ አገኘኋት። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ያሉት ዘመዳቸው ደግሞ ጥጃ የሚያጠጡበት ኩሬ ውስጥ ጨምረውታል። ኩሬ ውስጥ!

ለአቶ መ. እውነቱን ነገርኳቸው። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል አሉ፤ የወጣ ሪፖርት አይመለስም። ክረምቱ ሲወጣ እገዳውን ቀስ ብለን እናላላዋለን፣ አንቺም ቤተሰብሽን አታሰድቢ። ሻይ አዘዙልኝ። ሳልጠጣ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ገና ቁርስ ሳንበላ እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው በር ላይ። ሜሪ የአጥማጆቹን ነገር ነግራቸዋለች። ሳይቀመጡ ጠየቁኝ፦ በእኔ ምክንያት ሥራ የፈታ ሰው አለ?

በእርስዎ ሳይሆን በእኔ ፊርማ ነው አልኩ። ብዙ አላዳመጡኝም። ውሰጂኝ አሉ። ሰለሞን ሊከለክላቸው ሞከረ፤ አንዴ አዩት፣ ተወ።

ሐይቁ ዳር ጋሽ ላሊሶ የደረቀ መረብ ይጠግናሉ። እትዬ ውድነሽ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ አጥፊዋ እኔ ነኝ። አበባ መስሎኝ ነው» አሉ።  እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ጋሽ ላሊሶ ተነስተው የተደፋ ጀልባ ላይ አስቀመጧቸው። አይዞዎት አሉ፣ ሰው ሳያውቅ ለሚያደርገው እግዚአብሔርም አይቆጣም። የጴንጤ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ሳፋዎቹ ሁሉ በትዕግስት ጠየቋቸው። ቀለል ብሎኝ ትንፋሼን ስለቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርሳቸው አላወቁም። አንቺን ግን ነግሬሽ ነበር።»

 መረባቸውን መጠገን ቀጠሉ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ማታ 3 ሰዓት

ቅዳሜና እሑድ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። ቤቱን፣ ቦዩን፣ የኔንና የአማቴን ዝምድና፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ስህተት መሆኑን። ትናንት ጠዋት ለአቶ መ. አልሰጠሁም፤ ቀጥታ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር አስሰጠሁት። መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር። ከሰዓት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አሠራር በመጣስ ይላል። ይበል።

ዛሬ 9 ሰዓት ላይ እገዳው ተነሳ። ዘጠኙም ወረዱ። ከፍልሰታ የቀራቸው ሦስት ቀን ነው፤ ያለፈውን አሥራ ሁለት ቀን ማን ይመልስላቸዋል? እኔ አልችልም። አቶ መ. ቦታው ላይ ተገኝተው ፎቶ ተነሱ።

እትዬ ውድነሽ ሳፋዎቹን በራሳቸው እጅ ገለበጡ። ውሃው ወደ ቦዩ እንዳይሄድ መሬቱ ላይ አፈሰስነው፣ አረሙን ጣሪያ ሥር ሸራ ላይ አሰጣነው፤ ሲደርቅ ይቃጠላል። ሲቃጠል ቆሜ አላይም ብለዋል። ሰለሞን አሁንም በአጭሩ ነው የሚያናግረኝ።

የቱላው ኩሬ አልጸዳም። በሯን የዘጋችብኝም ደርቆብኝ ጣልኩት ትላለች፤ አላመንኳትም። ቦዩ አፍ ላይ የነቀልነውም ዘሩን ጭቃው ውስጥ ጥሎ ይሆናል፤ ስንት ዓመት እንደምንመላለስ አላውቅም።

ማታ ጋሽ ላሊሶ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። ይቅርታ ልል። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓሣ ግን አላቀረቡልኝም፤ ለሌላው እንግዳ ሁሉ ያቀርባሉ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሐይቁ የምጽፈውን ከመፈረሜ በፊት መጥቼ ላንብብልዎት አልኳቸው።  ጀልባ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ነው አሉ፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት።

አሥራ አንድ ሰዓት! ጠዋት መነሳት ጠላቴ ነው። የማንቂያ ሰዓቱን ሞልቻለሁ።