በጓዳ አለች ስለተባለችው ባለቤቴ

ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ቀን፦ ኅዳር 14

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች በሚል የተቋረጠብኝ የረዳት ድጋፍ እንዲመለስልኝ፣ እንድፈርምበት የተሰጠኝ የማረጋገጫ ቃልም እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ አመልካች ሁለቱም ዓይኖቼ የማያዩ፣ በዓይነ ስውራን የብሩሽ ማምረቻ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። መለመን አልወድም፤ ሲቸግረኝ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ መጥቻለሁ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ሲጨርስ መልሶ ሊያነብልኝ ተስማምተናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቃል ሁሉ የእኔ ነው፤ የፊደል ስህተት ካለ ግን የእሱ ነው።

1. ባለቤቴ ካረፈች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የሞት ማስረጃዋ በማኅደሬ ውስጥ ይገኛል። እሷ በሕይወት ሳለች ከጽሕፈት ቤትዎ አንዳች ነገር ጠይቄ አላውቅም። የሚነበበውን ታነብልኝ፣ መንገዱን ትመራኝ፣ ስሳሳት ትቆጣኝ ነበር። ከእሷ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ደመወዟን የሚከፍላት ረዳት መደበልኝ። ረዳቴ ጠዋት መጥታ ወደ ማምረቻው ትወስደኝ፣ ስንወጣ ትመልሰኝ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን ከሌላው ትለይልኝ፣ ደብዳቤ ከመጣ ታነብልኝ ነበር። በእሷ ላይ ያለኝ ቅሬታ መንገድ ላይ ስታንጎራጉር ዜማ ማበላሸቷ ብቻ ነው።

2. አዲሱ የድጋፍ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ክቡርነትዎ በአዳራሹ ስብሰባ ጠርተውን እንደነበር ያስታውሳሉ። መመሪያው በአጭሩ፣ በቤቱ የትዳር ጓደኛ ወይም ለአካለ መጠን የደረሰ ቤተሰብ ያለው ሰው ከእንግዲህ ረዳት አይመደብለትም፣ የሚተርፈው ገንዘብ ብቻቸውን ለሚኖሩ ይውላል የሚል ነው። ክርክሩ ጦፎ ነበር። እግሩ የማይታዘዝለት ጎልማሳ ልጅ ያላት አንዲት እናት ተነሥታ፣ «እኔ ቤተሰብ ነኝ እንጂ ብረት አይደለሁም! ልጄን ሳነሣና ስጥል ወገቤ ተቆረጠ። ረዳቱን ስትወስዱብኝ እኔን ማን ሊያነሣኝ ነው?» አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ደግሞ፣ «ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ረዳት የሚመደብለት አለ። እኔ ብቻዬን ሆኜ ደጃችሁን ስመላለስ ጫማዬ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ እጄን አውጥቼ መመሪያውን ደገፍኩ። ብቻውን ያለ ሰው ይቅደም አልኩ፤ ብቻውን ያለው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ያችን እናት ዛሬ ቤቷ ድረስ ሄጄ ባናግራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ማን ይወስደኛል?

3. መመሪያው ሲጸድቅ ለየቤታችን ገምጋሚ ተላከ። ወደ እኔ የመጣችው ወጣት ባለሙያ ናት። ድምጿ ለስለስ ያለ፣ ሰው አክባሪ ናት፤ ከገባች እስክትወጣ «አባባ» እያለች ነው ያነጋገረችኝ። ክፉ ሠራችብኝ ብዬ አልከሳትም። ያየችውን ጻፈች። ያየችውም ይህ ነው፦ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የሴት ካፖርት፣ ከአልጋው ሥር የሴት ነጠላ ጫማ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ወንበር፣ በአንደኛው ላይ ትራስ። እኔም ገና እንደገባች ወደ ጓዳው ዞር ብዬ፣ «አንቺ፣ እንግዳ መጥታለች!» አልኩ። ውሃ ላቀርብላት ስነሣም፣ «ብርጭቆው የት ነው ያልሽኝ?» አልኩና ሳልዳብስ እጄን ሰድጄ አነሣሁት። ይህን ሁሉ ማለቴን ያወቅሁት በኋላ ሲነገረኝ ነው።

4. ነገሩን ላስረዳ። የምኖረው በሁለት ክፍል ነው። ቤቱን ለእኔ እንዲሆን አድርጋ ያሰናዳችው ባለቤቴ ናት። ትከሻዬ ካፖርቱን ሲነካ በሩ በቀኜ ነው። እግሬ ነጠላ ጫማውን ሲያገኝ የአልጋው ጫፍ ላይ ነኝ። ትራስ ያለበት ወንበር ጋ ስደርስ ምድጃው ከኋላዬ ነውና መጠንቀቅ አለብኝ። ዕቃዎቿን ያላነሣሁት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ባነሣቸው ቤቴ ይጠፋብኛል። አንድ ነገር ሲጠፋኝ የምጠይቃትም፣ ጮክ ብዬ ካልጠየቅሁ እጄ ቦታውን ስለማያስታውስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እሷን ሳላናግር መዋል ስለማልችልም ነው። ክቡርነትዎ ባለትዳር ከሆኑ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

5. ውሳኔው በደብዳቤ ደረሰኝ። ረዳቴ አስቀድማ ስለተሰናበተች ያነበበልኝ ጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስለሆነ ደብዳቤ የሚያነበው ፌርማታ እንደሚጠራ ሰው ነው። «አመልካቹ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ፤ ባለቤታቸው በግምገማው ወቅት በጓዳ ውስጥ ነበሩ፤ በመሆኑም ድጋፉ ተቋርጧል» ብሎ ጮኸና በመሐሉ ድምፁ ወረደ። የሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። «ወንድሜ፣ ለገምጋሚዋ ምን ብለሃት ነው?» አለኝ። ምንም እንዳላልኳት ነገርኩት።

6. ስህተቱ በቀላሉ የሚታረም መስሎኝ ጎረቤቴን እጄን አስይዤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣሁ። ገምጋሚዋን አገናኙኝ። ባለቤቴ ከሞተች መቆየቷን ስነግራት ወረቀት ስታገላብጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማኅደሩን አላየሁትም ነበር። ግን እኮ ሰምቻለሁ» አለች። ምን ሰማሽ አልኳት። «እርስዎ ‹እንግዳ መጥታለች› ሲሉ ከጓዳ ኩባያ ቀስ ተብሎ ሲቀመጥ ሰማሁ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ። ሊወጡ ነው ብዬ ሰላም ልላቸው ተነሥቼ ነበር እኮ!» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ እንግዳ ፊት ከመውጣቷ በፊት ጉሮሮዋን የመጥረግ ልማድ ነበራት። ይህን ለገምጋሚዋ አልነገርኳትም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጎረቤቴ ድመት ናት ይላል። ራፖር ጸሐፊው አሁን እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉ ሰዎች ይሆናሉ አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የምኖረው በጆሮዬ ነው፤ ማን በሬ ላይ እንደቆመ ሳያንኳኳ አውቃለሁ። በዚያች ቅጽበት ግን ምንም አልሰማሁም። ካረፈች ጀምሮ ስጠራት፣ ስጠይቃት፣ ስጨቀጭቃት ኖሬ አንዲት መልስ አላገኘሁም፤ አንዴ ብቻ ለሥራ የመጣች ሰው ሰማቻት። ድጋፌ ከመቋረጡ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይህ ነው። በዚያች ልጅ ቀናሁ።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኔን ዘግቻለሁ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በጨርቅ አሥሬዋለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ ምንም የለም። ጎረቤቴን አስቀምጬም ሞከርኩ። እሱ ግን እንግዳ አይደለም፤ ለእሱ ስትል ጉሮሮዋን ጠርጋ አታውቅም። ባለቤቴ ዱሮም እንዲሁ ነበረች፤ እንግዳ ሲመጣ ከተፍ ትላለች፣ እኔ ስጠራት ግን መልሷ «ቆይ» ነበር።

7. በዚህ መካከል የደረሰብኝን ለክቡርነትዎ አመለክታለሁ። ወደ ማምረቻው በሚወስደው መንገድ ላይ ለውሃ ቱቦ ቦይ ተቆፍሯል። ረዳቴ ብትኖር «ዛሬ በዚያኛው በኩል ነው የምንሄደው» ትለኝ ነበር። ብቻዬን ሄጄ ገባሁበት፤ ጉልበቴ አብጦ ሰነበተ። ጎረቤቴ በየቀኑ እንዳይወስደኝ እሱም ራሱ ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሽማግሌ ነው። የማምረቻው ፎርማን ደግ ሰው ነው፤ ቢሆንም «ቦታህን ለተጠባባቂ እንድሰጥ እየጠየቁኝ ነው፣ ቶሎ መላ በል» ብሎኛል። የፈረስ ጭራውን መርጬ፣ በቀዳዳው አስገብቼ፣ በሽቦ አስሬ ብሩሽ ማድረግ የማውቀው ብቸኛ ሥራ ነው። ከዚያ ከወጣሁ በቀሪው ዕድሜዬ ከቤት መዋሌ ነው፤ ያ ቤት ደግሞ እንዴት ያለ ቤት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ።

ጎረቤቴ ጉልበቴን ሊያሳክም ክሊኒክ ወስዶኝ ሳለ ሚስቱ በደግነቷ ቤቴን አጸዳችልኝ። ካፖርቱን አጥባ ውጭ አሰጣችው፣ ጫማውን ካርቶን ውስጥ ከተተች፣ ወንበሮቹን ወደ ጥግ አስጠጋች። ስመለስ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትከሻዬ ካፖርቱን ፈለገ፤ ባዶ ግድግዳ አገኘ። እግሬ ጫማውን ፈለገ፤ የለም። በገዛ ቤቴ መካከል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ጓዳው በየት በኩል እንደሆነ ስለጠፋኝ ወደ የት ዞሬ እንደምጠራት እንኳ አላወቅሁም። ፈራሁ፤ ሽማግሌ ሰው እንደ ሕፃን ፈራሁ። ዕቃው ሁሉ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ካፖርቱ ግን አሁን የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ሴትየዋን አመሰገንኳት እንጂ አልተቆጣኋትም። ረዳቴ ግን ያነሣችውን ሁሉ በነበረበት ትመልስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሊረዳኝ ይችላል ለሚሉ የማቀርበው ማስረጃ ይኸው ነው።

8. ወደ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ቀርቤም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ መፍትሔው ቀላል ነው አሉኝ፤ አንድ ማረጋገጫ ላይ ብፈርም ድጋፉ ይመለሳል። ቃሉን አነበቡልኝ፦ «በቤቴ ውስጥ ከእኔ በስተቀር ማንም እንደሌለ፣ ከጓዳ ተሰማ የተባለው ድምፅም ሐሰት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» አውራ ጣቴን ቀለም አስነክረው ወረቀቱን ከሥሩ አደረጉልኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ኃላፊዋ ግራ ገብቷቸው፣ «አባቴ፣ ባለቤቴ ሞታለች አላሉም እንዴ?» አሉኝ።

ሞታለች። ያረፈችው በእጄ ላይ ነው፤ ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ፣ በጣቶቼ ፈልጌ። ሞቷን ለመመስከር አይሳነኝም። ያ ድምፅ ሐሰት ነው ብዬ ግን እንዴት ልፈርም? ሐሰት መሆኑን አላውቅም። ሐሰት እንዲሆንም አልፈልግም። ቀለሙ ጣቴ ላይ እንደደረቀ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከላይ በዘረዘርኩት መነሻ ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

ሀ) የባለቤቴ የሞት ማስረጃ ታይቶ የረዳት ድጋፌ እንዲመለስልኝ፤ የሚቻል ከሆነም ያችው ረዳቴ ከነዜማዋ እንድትመጣልኝ።

ለ) የማረጋገጫው ቃል ተለውጦ እንዲህ እንዲባል፦ «በቤቴ ውስጥ ደብዳቤ የሚያነብልኝ፣ መድኃኒት የሚለይልኝ፣ መንገድ የሚያሻግረኝ ማንም የለም።» በዚህ ላይ አውራ ጣቴን ብቻ ሳይሆን አሥሩንም ጣቶቼን አሳርፋለሁ።

ሐ) መመሪያው እንደገና ሲታይ፣ «ቤተሰብ አለው» ተብሎ በማንም ላይ ከመወሰኑ በፊት ያ ቤተሰብ ምን መሥራት እንደሚችል ራሱ እንዲጠየቅ። የእኔዋን መጠየቅ አይቻልም፤ ያችን እናት ግን ይቻላል።

መ) ራፖር ጸሐፊው ይህን አራተኛውን እንተወው፣ ጉዳይዎን ያበላሸዋል ብሎኛል። ሒሳብህን የምከፍለው እኔ ነኝ ብዬ አስጽፌዋለሁ። ያች ገምጋሚ አንድ ጊዜ ወደ ቤቴ ተመልሳ እንድትመጣ ይፈቀድልኝ። ለግምገማ አይደለም፤ ምንም እንድትጽፍ አልፈልግም። የተቀመጠችበት ወንበር በቦታው ነው። እንደዚያን ቀን ወደ ጓዳው ዞር ብዬ «አንቺ፣ እንግዳ መጥታለች» እላለሁ። ያን ጊዜ ያመለጠኝ ወዲያው ስለ ብርጭቆ ማውራት በመጀመሬ ነው፤ አሁን ግን ጠርቻት ዝም እላለሁ። እኔ ሳልሰማ ልጅቷ ከሰማች፣ ድምፅ ሳታሰማ ክንዴን ትንካኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

አመልካች፣ ብሩሽ ሠሪው
(የአውራ ጣት አሻራ)