ከአንድ ኪሎ በላይ ስለማይመዝነው ሚዛንና ስለተመረጠልን ታብሌት

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የዕቃ መረጣ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለሥራዬ ተስማሚ ነው ብዬ እንድፈርምለት ስለተጠየቅሁት ታብሌት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ስድስቱ የኮሚቴዎ አባላትና የምትቀመጡባቸው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበሮች እንደምን ሰንብታችኋል እያልሁ፣ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ከወገቤ አቤቱታ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ጽሕፈት ቤትዎ ገብተው ዕረፍት ስለወጡ፣ ሦስተኛውን ቆሞ የሚያነበው ሰው ባለበት ቦታ ማኖሩ ይሻላል ብዬ ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ በዚህ የመማሪያ መጻሕፍት ማሳተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ የጽሑፍ አራሚ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የተማርሁት የማተሚያ ቤት ወለል ስጠርግ ከምሰበስበው ብልሽት ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህም ከስሕተት ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ሳየው እለየዋለሁ፤ ከለየሁትም አላሳልፈውም።

ከሦስት ወር በፊት አስተዳደሩ እኛ አራሚዎች ቤታችን ሆነን እንድንሠራ፣ በወር ሁለት ቀን ብቻ በሌላ ከተማ ወዳለው ማተሚያ ቤት በአውቶቡስ እየሄድን የመጨረሻውን ቅጂ እንድናይ ሲወስን ከልቤ አመስግኜ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሾህ የሌለበት ምስጋና ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝልኝ። የባለቤቴ ግራ ጎን ካለፈው ዓመት ጀምሮ አይታዘዝላትም። ገላዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ፤ በመካከሉ እሠራለሁ። መንገድ በምሄድባቸው ሁለት ቀናት እህቷ መጥታ ትውልልኛለች፤ ከዚያ በላይ እንዳልጠይቃት እሷም የራሷ ቤትና ጣጣ አለባት። በዚህ ዓይነት፣ በራሴ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድም ሥራ ሳላዘገይ ሳስረክብ ከረምሁ።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ደኅና ሲሄድ ታየና ኮሚቴዎ ተቋቋመ። ለቤትም ለመንገድም ይሆናል የተባለ አንድ ዓይነት ታብሌት ለሁላችን መረጠ። በግል ላፕቶፕ መሥራትን ከለከለ። ታብሌቱንም ለሁለት ሳምንት ካስሞከረን በኋላ፣ «ለሥራዬ ተስማሚ መሆኑን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ሥር ያልፈረመ ሠራተኛ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቢሮ ገብቶ እንዲቀመጥ አዘዘ። ባልደረቦቼ ፈርመዋል፤ እኔ አልፈረምሁም። ምክንያቶቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ። ለመንገድ የሚያዝ ዕቃ ቀላል ይሁን መባሉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለክብደት ብቻ ከመቶው ስድሳ ነጥብ መስጠቱንም እንደ ምንም ልዋጠው። ኮሚቴው ግን የቀረቡለትን ዘጠኝ ናሙናዎች የመዘነው ከመዝገብ ቤት ባስመጣው የደብዳቤ ሚዛን ነው። ይህ ሚዛን ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲመዝን የኖረ በመሆኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ያለውን ዓለም አያውቅም። ስድስቱ ላፕቶፖች በተራ ሲቀመጡበት መርፌው ጥጉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ኮሚቴውም ሌላ ሚዛን በመፈለግ ራሱን ሳያደክም፣ «ክብደታቸው ሊታወቅ ስላልቻለ ዜሮ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል» ብሎ በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ሦስቱ ታብሌቶችም ከነኪቦርዳቸው ሲቀመጡ መርፌው ያው ጥጉን ነካ፤ በዚህ ጊዜ ኪቦርዶቹ እንዲነሡ ተደረገ፤ እንደተነሡም ቀሩ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋን ስለዚሁ ብጠይቃት፣ «አባባ፣ እኔ ምን ላድርግ? ከሥጋ ቤት ደኅና ሚዛን ተውሼ ላምጣ ብላቸው፣ ዕቃው ሥጋ ሥጋ ይሸታል አሉኝ» አለችኝ። ሊመዝኑት ያልቻሉትን ነገር እንደሌለ መቁጠር የደረሳችሁበት የጥበብ ደረጃ ነውና እንኳን ደስ አላችሁ።

ሁለተኛ። የአራሚ ሥራ የደራሲውን ጽሑፍና የተተየበውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየትና መጻፍ ነው። በዚህ ታብሌት ላይ ለመጻፍ ስሞክር ፊደሎቹ ከታች ወጥተው ግማሹን ገጽ ይሸፍኑታል፤ ገጹን ልይ ስል ፊደሎቹ ይጠፋሉ። እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ እኔም ሽማግሌ ሆኜ በመሐል ስመላለስ ዋልሁ። በላፕቶፕ በአንድ ቀን የምጨርሰው ምዕራፍ አራት ቀን ፈጀ። ባለቤቴ ትራሷ ላይ ሆና ስታየኝ ቆይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ በጣትህ የምትጠነቁለው?» አለችኝ።

ሦስተኛ። መንገዱን በሚመለከት፣ በአውቶቡሱ መስኮት የገባው ፀሐይ የታብሌቱን መስታወት ሲያገኘው ጽሑፉ ጠፍቶ የራሴ ፊት ብቅ አለ። አራት ሰዓት ሙሉ ፊቴን ሳይ ሄድሁ። እርግጥ እዚያም ላይ መታረም ያለበት ብዙ ነገር አለ፤ ግን ታትሞ ከወጣ ቆይቷል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ታዝባኝ ኖሮ፣ «አባባ፣ ሙሽራ ሊያዩ ነው እንዴ የሚሄዱት?» ብላ አሳቀችብኝ። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲዘልል ደግሞ ጣቴ አንድ ነገር ነካ፤ የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ እንቁራሪቶች በሙሉ ከነእንቁላላቸው ጠፉ። ማተሚያ ቤት ስደርስ ሥራውን በፍላሽ አቀረቡልኝ፤ ታብሌቱ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። የፍላሽ መጋጠሚያ ቢያመጡልኝም ታብሌቱ ያለው አንድ አፍ ብቻ ነው፤ ኃይል ሲሞላ ሌላ ነገር አይቀበልም። ሲበላ አለመናገሩ የአስተዳደጉን ጥሩነት ያሳያል፤ እኔን ግን ከሠራተኞቹ አንዱን ኮምፒውተሩንና ወንበሩን እንዲለቅልኝ አስለምኖኛል።

አራተኛ። ታብሌቱ ለሁሉም ሥራ ተስማሚ መሆኑን የሚያረጋግጠው የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ዐሥራ ሰባት ገጽ ነው። የተጻፈው በላፕቶፕ ነው።

ክቡርነትዎ ይህን አዛውንት ዘመን አምልጦታል ብለው እንዳይደክሙ፣ በታብሌት ላይ ቂም እንደሌለኝ ልናገር። መጽሐፍ መደብር ለመደብር የሚዞሩት የሽያጭ ባልደረቦቻችን ቆመው ያያሉ፣ ምልክት ያደርጋሉ፣ ያስፈርማሉ፤ ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልተሠራም። ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ ሰው ግን እውነተኛ ኪቦርድ፣ ሁለት ገጽ የሚያስተያይ ስክሪን፣ ፍላሽም ቻርጀርም ባንድ ጊዜ የሚሰካበት ቦታና መንገዱን የሚችል ባትሪ ያስፈልገዋል። ይህን ለማወቅ ሚዛን አያሻም። ሰውዬውን ቀኑን ምን ስትሠራ ትውላለህ ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ሰባት ሆናችሁ ዘጠኝ ጊዜ ስትሰበሰቡ፣ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ባለቤቴ ስለ ፊርማው ስነግራት፣ «ፈርምና ተገላገል፤ ውሸት ባንተ አልተጀመረ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ሰው ስሕተት ሳላሳልፍ ኖሬ፣ በስሜ የተጻፈውን ላሳልፍ አልችልም አልኋት። «እንግዲያው ያንተ ግትርነት እኔን ብቻዬን ሊያስተኛኝ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ከዋልሁ የሚያገላብጣት የለም። ሐኪሙ ገላዋ አንዴ ከቆሰለ በቀላሉ እንደማይድን ነግሮናል። የምንነጋገረው ስለዚህ ነው እንጂ ስለ ዕቃ አይደለም።

በመሆኑም ከሁለት አንዱን እለምናለሁ። ወይ በላፕቶፕ እንድሠራ ይፈቀድልኝ፤ ወይ የፊርማው ዓረፍተ ነገር «ለሥራዬ እንደማይስማማ አውቄ ተረክቤያለሁ» ተብሎ ይታረምና ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ አራት ቀን በሚፈጀው ምዕራፍም እየተንቀረፈፍሁ ቤቴ እሠራለሁ። እርማቱን ያለ ክፍያ እኔው እሠራላችኋለሁ።

ሁለቱም ካልሆኑ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ እገባለሁ። ባለቤቴም አብራኝ ትመጣለች፤ ሐሳቡ የእሷ ነው። የአራሚዎች ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ አልጋዋ አይወጣም። በሜትር ለክቼ እንዳየሁት፣ ባለጎማ አልጋ በምቾት የሚያስገባ በር ያለው ምድር ቤት የሚገኘው የኮሚቴዎ የስብሰባ አዳራሽ ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ከእርስዎ ወንበር ቀኝ፣ ለአልጋዋም ለጠረጴዛዬም የሚበቃ ስፍራ አለ። በየሁለት ሰዓቱ ስትገላበጥ ሁለት ሰው ቢረዳዳ ይሻላል፤ ኮሚቴው ሰባት አባላት ስላሉት የሰው እጥረት እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ። የተኛውን ጉዳይ አገላብጦ ማየት ከዚህ በፊት ባትሞክሩትም፣ ከባድ እንዳልሆነ ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ።

ኮሚቴዎ ስለ እኔ ምቾት ላፈሰሰው ጊዜ፣ ሳይጠይቀኝ ለሥራዬ ላሰበልኝ ሐሳብ፣ ከሁሉም በላይ በዚህ ዕድሜዬ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቢሮ እንድሠራ ላመቻቸልኝ ዕድል ያለኝን ምስጋና እየገለጽሁ፣ ጤናና ረጅም የአገልግሎት ዘመን እመኝልዎታለሁ።

ሰኞ ጠዋት እስክንገናኝ ድረስ አክባሪዎ፣
ያልፈረመው አራሚ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። የማይረባ ነገር የተናገረን ሰው አስነሥታ እንደቆመ ሦስት ጊዜ የማስደገም ልማድ አላት፤ ሕመሙ ግራ ጎኗን እንጂ አንደበቷን አልነካውም። የሰኞው ስብሰባ ከወትሮው ረዘም ሊል ስለሚችል፣ አባላቱ ምቹ ጫማ አድርገው ቢመጡ መልካም ነው።