ወላጅ እንድታመጣ ስለታዘዘችው ልጄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለጉልበትዎም ለወገብዎም፣ በተለይ ደግሞ ለሁለቱም እጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ራሴን ላስተዋውቅ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት «ወላጅ ሳትይዢ እንዳትመጪ» ብለው ከበር የመለሷት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ፀጉር ስሠራ ኖሬ፣ አምና ስትሮክ መታኝና ቀኝ ጎኔ አልታዘዝ ብሎኝ አልጋ ላይ ውያለሁ። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ይህን ደብዳቤ እኔ በሚጎተት ምላሴ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። እሷ ስትናደድ ከራሷ የምትጨምረውን ስድብ እያሰረዝኩ ነው፤ አምልጦኝ ያለፈ ካለ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በግልጽ መጻፌም ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቢሮዎ በአካል ያልቀረበ ሰው ስለማያነጋግር፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ማስለጠፍ ይሻላል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማርፈዷ። ልጄ በዚህ ወሰነ ትምህርት አሥራ ዘጠኝ ቀን ማርፈዷን አንድም ሳይዘነጉ ስለቆጠሩ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በእኔ በኩል የማውቀው፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ እንደምታገላብጠኝ፣ የረጠበውን አንሶላ ከሥሬ ስባ እንደምትቀይር፣ ገላዬን አጥባ ኪኒኔን በማንኪያ ጀርባ ፈጭታ በሾርባ እንደምታውጠኝ ነው። ከዚያ የቀኝ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ አሥር አሥር ጊዜ ታጣጥፋለች፤ የጤና ባለሙያው አሥር ብሎ አዟታልና። በአምስት ብታቆም ደወሉ ላይ ትደርስ ነበር። ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ እምቢ አለችኝ። ዘጠኝ አድርጋ ወጥታ፣ ትዝ ሲላት ከመንገድ ተመልሳ አሥረኛውን የጨረሰችበት ቀንም አለ። ግትርነቷ በእኔ ወጥቶ ነውና የዘበኛዎ ሰዓት ስህተት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ፀጉሯ። «ያልተበጠረች፣ ሥርዓት የሌላት» ተብላ በሰልፍ ፊት እንድትቆም መደረጓን ሰምቻለሁ። ለተማሪ ንጽሕና ያለዎትን ተቆርቋሪነት አደንቃለሁ። የዚህ ሰፈር ሙሽራና ተመራቂ ሁሉ በእጄ አልፏል፤ ወደ ገዛ ልጄ ራስ የሚደርሰው ግን አሁን ግራ እጄ ብቻ ነው። አንድ እሑድ አልጋው ሥር መሬት ላይ አስቀምጬያት፣ ጫፉን በጥርሴ እየያዝኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። የወጣው ነገር አይጥ የበላው ገመድ ይመስል ነበር። መስታወት ፊት ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ ዞራ «እማ፣ እንዲህ ነበር የምፈልገው» አለችኝና ሰኞ እንዳለ ይዛው ሄደች። በሰልፍ ፊት ያቆሟት ያን ሰኞ ነው። ጌታዬ፣ ያ ሥራ የእኔ ነበር፤ ሰውም መሳቅ ካለበት በእኔ ይሳቅ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊርማው። የላኳቸው ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች በተጭበረበረ ፊርማ መመለሳቸውን ደርሰውበታል፤ እንዲህ ያለ ዓይን ለትምህርት ቤት ብቻ መዋሉ ያሳዝናል። ደብዳቤዎቹን እኔ አላየኋቸውም። ሐኪሙ «እናትሽ እንዳትናደድ፣ ደም ግፊቷ ከፍ ይላል» ቢላት፣ ቃሉን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ይዛው ደበቀችኝ። ፊርማዬን ከመታወቂያዬ ላይ አይታ ተለማመደችው። አሁን በግራ እጄ እውነተኛውን ልፈርምልዎ ብል ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የሚያምረው የእሷ ነው።

አራተኛውን ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ ጀምራ ዕንባዋ ወረቀቱን ስላበላሸባት፣ ይህ ሦስተኛው ግልባጭ ነው። ልጄ ወላጅ አምጪ ስትባል ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ወትሮዋ አጥባኝ፣ አጉርሳኝ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ግንባሬን ስማ ወጣች። ወጥታም ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ተማሪ እስኪለቀቅ ትቀመጥ ነበር። ከዚያ ቤት ገብታ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የዕለቱን ትምህርት ትነግረኝ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ሌንስ ሲሥሉ ጠመኔው ተሰብሮባቸው ክፍሉ እንዴት እንደሳቀ ስትነግረኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መምህር የለ፣ ጠመኔ የለ፣ የሳቀም ሰው የለ። ሁሉንም ከመጽሐፉና ከጭንቅላቷ አውጥታ ነው፣ እኔን ደስ እንዲለኝ።

ከዚያ ደረጃ እስከ ቤታችን መቶ እርምጃ አይሞላም። አንድ ቀን የውኃው ጆግ ከእጄ አምልጦ አልጋው ላይ ፈሰሰብኝና እስክትመጣ ድረስ በእርጥቡ ተኝቼ ዋልኩ። በረደኝ። ግን ምን አለበት፣ ልጄ እየተማረችልኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ትናንት ልብስ ሰፊዋ ለጤና ጣቢያው ጋዋን ልታደርስ ሄዳ እዚያ ተቀምጣ እስክታገኛት ድረስ፣ እንዲህ እያልኩ ነበር የምተኛው። ክቡርነትዎ፣ ስትሮኩ ግማሼን ነው የወሰደው፤ ትናንት የቀረውም ሄደ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ልሸከምሽ አልችልም፤ ካልቻልኩ ነግሬሽ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ያንኑ ዕለት ልብስ ሰፊዋ በእኔ ፈንታ ቢሮዎ መጥታ ሁሉን አስረድታዎት ነበር። ጎረቤት ወላጅ እንዳልሆነ በትዕግሥት ስላብራሩላት እናመሰግናለን። ደግሞም ቤተሰብ ለሚያስታምሙ ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ኮሚቴ ማቋቋምዎን ስለነገሯት፣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የመመዝገቢያ ቅጹንም አይተነዋል፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙም ያማረ ነው። ታማሚው ወላጅ በአካል ቀርቦ እንዲፈርም ይላል። ስብሰባውም ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሕመምተኞቻቸውን ሊያበሉ በሚሮጡበት ሰዓት ነው። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን ስንት ልጅ ተመዘገበ ብላ ብትጠይቅ፣ አንድም እንደሌለና ይህም ችግሩ በትምህርት ቤትዎ አለመኖሩን እንደሚያሳይ ነግረዋታል። እንኳን ደስ አለዎት።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የፈተና ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል፤ ስሟ ካልገባ ዓመቱ አለፋት ማለት ነው። እሷ ደግሞ ሌላ ዓመት የምትጠብቅ አይመስለኝም፤ ከትናንት ጀምሮ መጽሐፎቿን በገመድ አሥራ ከቁም ሣጥኑ በላይ ሰቅላቸዋለች፣ «በቃኝ እማ፣ አንቺን ልያዝ» ብላ። እኔን እንድትይዝ አይደለም የወለድኳት። ስሟን ይጻፉልኝ። ስታረፍድ ታርፍድ፣ ግን ትግባ።

ትእዛዝዎም እንዳይጣስ፣ ነገ ሐሙስ ጠዋት እንጨት ሠሪውና ወንድሙ በወንበር ተሸክመው ሊያመጡኝ ቃል ገብተውልኛል። ደረጃው ላይ ብወድቅ እንኳ ወላጅ አልመጣም እንዳይባል፣ የወደቅሁበትን ፎቅ እንዲመዘግቡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ጎንበስ ማለት ባልችልም ጎንበስ እንዳልኩ ይቆጠርልኝ እያልኩ፣ ግራ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

የዚያች ያልተበጠረች ልጅ እናት
(በግራ አውራ ጣት የተፈረመ)

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ነገ ሸክሙ ከብዷቸው ካረፈድኩና ዘበኛዎ እንደ ደንቡ እኔንም «ወላጅ አምጪ» ካለኝ፣ አልከራከረውም። እናቴም አባቴም ከሞቱ ቆይተዋል። የምታጥበኝ፣ የምታጎርሰኝ፣ ስቀብጥ የምትቆጣኝ አንዲት ወላጅ ግን አለችኝ። እሷን ይዤ እመጣለሁ፤ ከበር እንዳይመልሷት አደራ።