ሁለተኛዋ አጋዘን

ውድ ዓምዴ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ የት እንዳለህ እያወቅሁ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እህትህ ጽጌረዳ ሞተርህን አስጠገነች። አዎ፣ ያንኑ ሞተር። ንጎንግ መንገድ ያለው ፈንዲ፣ መካኒኩ፣ መሪውንና የፊት መብራቱን ቀየረላት፤ ጎኑ ላይ ያለውን ጭረት ግን "ይቆይ" አለችው። በእኔ ቢሆን ተቆራርጦ ለቆራሌው በተሸጠ ነበር። ማን ይሰማኛል?

ያቺን ዓርብ ላንተው ልንገርህ፤ መጨረሻዋን አንተ አላየህም። ኬንያውያን ስቅለት ብለው ሥራ የዘጉበት፣ እኛ ግን ገና ሁዳዴ ላይ የነበርንበት ቀን ነው። ወደ ማጋዲ በሞተር እንውረድ አልክ። እዚያ ስንደርስ "ቶሎ በልተን በጊዜ እንመለስ" ብልህ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም ብለህ ድርቅ አልክ። ባቄላውና ቻፓቲው እስኪመጣ፣ በልተን እስክንነሣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። አውሬ ወደ ውሃ በሚወርድበት ሰዓት መንገድ ገባን ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ሁሉንም ታውቅ የነበረ መሆኑ ነው። ሞተር መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። "ሊመሽ ሲል ፍጥነትህን ቀንስ። አስፋልቱን ብቻ አትይ፣ ዳር ዳሩን እይ። አጋዘን ከገባችብህ አትጠምዝዝ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ፍሬን ያዝ። አንዷ ካለፈች ደግሞ ሁለተኛዋን ጠብቅ፤ ብቻዋን አትሄድም።" እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። "ገባኝ፣ የኔታ" እያልኩ እቀልድብህ ነበር።

ዳገቱን ስንጀምር እኔ በራሴ ሞተር ከኋላህ ነበርኩ። አንዷ አጋዘን ከግራ በኩል ከቁጥቋጦው ወጥታ ፊትህ ዘለለች። ያስተማርከኝን አደረግህ፤ አልጠመዘዝክም፣ ቀጥ ብለህ ፍሬን ያዝክ። እሷም ዳነች፣ አንተም ዳንክ። ከዚያ ቀኝ እጅህ ከመሪው ላይ ተነሣ። ግንባርህ፣ ደረትህ፣ ግራ ትከሻህ። ሁለተኛዋ የመጣችው ያኔ ነው። የፊት ፍሬኑ ያለው በቀኝ እጅ በኩል ነው፣ ዓምዴ። ቀኝ እጅህ ምስጋና ላይ ነበር።

ከብት ሲነዳ የነበረ አንድ የማሳይ ሽማግሌ ቀይ ኩታውን አውልቆ አለበሰህና "ፖሌ፣ ፖሌ"፣ አይዞህ፣ እያለ አጠገቤ ቁጭ አለ። እኔ አላለቀስኩም። እጅህን ነበር የማየው።

ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ካርጎ ስሠራ ብዙ የሀገሬን ሰው ሬሳ ወደ አዲስ አበባ ጭኛለሁ። አንተን ግን ለውጭ ከሚላከው የአበባ ካርቶን አጠገብ አላስቀምጥም ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ እናትህ እትዬ ጥሩወርቅ እጄን ያዙና "የእግዜርን ስም ሳይጠራ ነው የሄደው?" አሉኝ።

"አማትቦ ነው የሄደው፣ እትዬ" አልኳቸው።

ውሸት አይደለም። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ለለቀስተኛው ሁሉ ነገሩት፣ ለንስሐ አባታቸው ነገሩት፣ በአርባህም ያንኑ ሲደጋግሙ ነበር፤ ልጄ አማትቦ ነው የሄደው፣ ልጄ አማትቦ ነው የሄደው። ሌላ የሚይዙት ነገር አልነበራቸውም። የቀረውን ዋጥ አድርጌ ናይሮቢ ተመለስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከጽጌ ጋር በየሞተራችን ከኪሊማኒ ወጣን። ብቻዋን ከምትሄድ ብዬ ነው። አንድ ማታቱ ሚኒባስ ምልክት ሳያሳይ ፊቷ ገባባትና ለጥቂት ተረፈች። ወዲያው ቀኝ እጇ ተነሣ። ግንባሯ፣ ደረቷ። ያሳደገቻችሁ አንድ እናት ናት እኮ። ክላክሱን ይዤ ጮህኩባት፤ ነዳጅ ማደያ አስገብቼ አስቆምኳት።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"እጅሽን አታንሺ።"

"ተረፍኩ እኮ። ተመስገን ማለት ነውር ነው?"

"ወንድምሽም ተርፎ ነበር" አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

ሄልሜቷን አቅፋ ማደያው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። "እማዬ እኮ ይህንን ይዛ ነው የምትተኛው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ነገርከኝ?"

"አንቺንም እንዳልጭንሽ ነዋ።"

ያን ጊዜ አለቀሰች። "እኔ እማዬን መደበቅ አልችልም፣ ሚናስ። ድምፄን ስትሰማ ታውቅብኛለች።"

ደግሞም አወቁባት። ትናንት እናትህ ደወሉልኝ።

"አማትቦ ነው አልከኝ" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጨርሶት ነበር?"

አዎ ማለት እችል ነበር። ከእኔ በቀር ያየ የለም። ግን ጽጌ ሞተሩ ላይ ናት፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ማንን እንደሚያድን አላውቅም። "ግራ ትከሻው ላይ ነበር፣ እትዬ። ወደ ቀኙ አልደረሰም።"

የነጠላቸው ኮሽታ በስልኩ ተሰማኝ።

"ጨረስኩለት" አሉ።

ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው፣ "ለልጄ ንገርልኝ፤ ቀኝ እጇን ከዚያ ነገር ላይ እንዳታነሣ። ስትወጣ ትደውልልኝ። እስክትመለስ ድረስ እኔ አማትብላታለሁ" አሉኝና ዘጉት።

ነገ ቅዳሜ ነው። ጽጌ ወደ ማጋዲ ልትወርድ ነው፤ የወደቅህበትን ቦታ ማየት አለብኝ ብላለች። እኔም ከኋላዋ ነኝ። ምሳ በጊዜ በልተን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዳገቱን እንወጣለን። ሁዳዴ ሲገባ እሷም እንዳንተ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ሞተሩ ይቆማል፤ በዚህ ላይ ተስማምተናል። ያንተ ቦታ ላይ ስንደርስ ሞተር አጥፍተን፣ ወርደን፣ ሁለት እግራችን መሬት ሲይዝ እናማትባለን። እስከ ቀኝ ትከሻ ድረስ።

ሁለተኛዋን የሚጠብቅላት፣
ሚናስ
ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ