ሞረድ የነካት የፈረንጅ ሳንቲም

ሐምሌ 4
ቆርቆሮው ዛሬም አፈሰሰ። ሳጥኑን ጎትቼ ወደ ሳሎን አወጣሁት። ልብሶቹን ሳሰጣ የእማማ መሐረብ ወጣ... ውስጡ ሳንቲሟ። አስራ አንድ ዓመት አላየኋትም። ቢጫ ናት፣ የፈረንጅ ሴት ራስ ያለባት። አያታችሁ ከጅቡቲ ያመጡት ወርቅ ነው ትለን ነበር እማማ። መልሼ ቋጠርኳት። ደግሞ ፈታሁ።

ሐምሌ 5
ዝናብ። ማንም አልመጣም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማን ይመጣል?

ሐምሌ 7
ሳስባት ዋልኩ። ለራሴ እንኳ ልጻፈው። እማማ ታማ ሳለች ታናሽ ወንድሜ ዋኘው "ለሰው ላሳያት" ብሎ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን መለሰ። እማማ ስታርፍ ለእኔ ደረሰችኝ። ሳያት ጠርዟ ላይ ጭረት አለ። ድሮ አልነበረም። ለውጧታል አልኩ። በልቤ ብቻ ብል ምን ነበረበት... በአርባዋ ተዝካር፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "የእናትህን ወርቅ ወስደህ ነሐስ የምትመልስ ሌባ!" አልኩት። ጋቢውን አንስቶ ወጣ፣ ደብረ ወርቅ ወዳለው ቤቱ። ይኸው እስከ ዛሬ።
ላስመረምራት? ወርቅ ከሆነች በደልኩት። ካልሆነች ሰረቀኝ። የትኛው ይሻለኛል?

ሐምሌ 10
እስከዳር፣ የጓሮዬን ክፍል የተከራየችው የግብርና ባለሙያ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ፈለገችልኝ።
"እትዬ ብዙዬ፣ የፈረንሳይ ናት። ሁለት ፍራንክ። ወርቅ የሚባል የለባትም። ብዙ ስለተሠራች ሰብሳቢዎችም ያን ያህል አይፈልጓትም።"
"እርግጠኛ ነሽ?"
"ይኸው፣ እዩት።"
ያችው ሴት። ያው ቁጥር።
እንግዲህ ለውጧል ማለት ነው። እውነቴን ነበር። ታዲያ ደስ ሊለኝ አይገባም? ለማን ልንገረው... እስከዳር ክፍሏ ገባች። ሬዲዮ ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ሐምሌ 13
ወርቅ ሠሪው አያ ደምለው ዘንድ ሄድኩ። የባለሙያ ቃል ይዤ ለዋኘው ልልክበት ነበር ሐሳቤ። ክፉ ሐሳብ። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት።
"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ።
"ከየት?"
"ይቺ ጭረት የእኔ ሞረድ ናት። ወርቅ እንደሆነች ለማየት ጠርዟን ነካ አድርጌያት ነበር። ዓመታት አለፉት። ረጅም፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው ያመጣት። ወርቅ አይደለችም ስለው አለቀሰ። ሰው ይቆጣኛል እንጂ አልቅሶብኝ አያውቅም፣ ለዚያ ነው ያልረሳሁት።"
"ሌላ ምን አለ?"
"እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ወርቅ አለኝ እንዳለች ትሙት አለኝ። ጭረቷን አጥፋልኝ ብሎ ለመነኝ። ብሞክር፣ ብሞክር አልጠፋ አለች። ምነው? ፊትሽ ልክ አይደለም። አረፍ በይ።"
ውሃ ሰጡኝ። ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።
ወርቅም አልነበረችም። አልሰረቀኝምም።

ሐምሌ 14
የዋኘውን ስልክ ሞከርኩ። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ይላል። በሕይወት አለ? ሞቶ ቢሆን ማን ይነግረኝ ነበር?

ሐምሌ 20
ደብረ ወርቅ አድሬ መጣሁ።
በሩን የከፈተችው ሚስቱ አሰገደች ናት። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ "እህትህ ናት" አለች፣ ቀስ ብላ። ፀጉሩ ሸብቷል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀረኝ።
"አያ ደምለውን አገኘኋቸው" አልኩት። ገባው።
"ለምን አልነገርከኝም?"
"እማማ ትሰማለች ብዬ።"
"ካረፈች በኋላስ? ያን ቀን?"
"ያን ቀን ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር፣ እታለም?"
ልዋሽ ፈለግሁ። "አላምንህም ነበር" አልኩት።
ይቅር በለኝም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ... እሺ ይሁን፣ ቆይ ይሁን፣ አልገባኝም። አሰገደች አልጋ አነጠፈችልኝ። ጠዋት ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኝ። ሳንቲሟን ብሰጠው "አንቺ ጋ ትሁን" አለ። ከመሳፈሬ በፊት ቁጥሬን ተቀበለኝ።

ሐምሌ 24
አልደወለም። ይደውላልም አላለኝ።

ሐምሌ 27
ዋኘው ደወለ። በዚህ ቤት ስልክ ጠርቶ ስለማያውቅ ደንግጬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።
"ምሳ በላሽ?"
"በልቻለሁ።"
"አልበላሽም። ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል። ከልጅነትሽም።"
ሳቅ አመለጠኝ። እሱም የሳቀ መሰለኝ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ከዚያ የምንለው ጠፋን። ግን ማናችንም አልዘጋንም።
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ተነስቼ ሽሮ ጣድኩ።