ስለ ባለ አትክልቱ ቀኝ እጅ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብሽ ወገብሽ ዘንድሮ ማረሽ? ጥርስሽን አስነቀልሽው ወይስ ዛሬም በቅርንፉድ እያባበልሽው ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ይህን የምታነብልሽን የወንድሜን ሚስት እዚህ ላይ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ በያት፤ ጎረቤት የሚሰማው አይደለም።

በስልክ ልነግርሽ አፈርኩ። ያ አትክልት ሻጭ መርዝ ሸጠልኝ ብዬሽ፣ አንቺም የሰጠሽ እጁ ይድረቅ ብለሽ የረገምሽው ሰውዬ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሰው አገር በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ የምንተኩስ ስድስት ሴቶች ነን፤ ረቡዕ ረቡዕ በየተራ ምሳ እናመጣለን። ተራዬ ሲደርስ ወደ ሰውዬው ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ ምራቂ ሳይጨምር አይሸኘኝም። የዚያን ዕለት ምራቂው አይቼው የማላውቀው ነገር ሆነ። ኪያር ይመስላል፣ ቆዳው ግን እንደ ጉርጥ ጀርባ ጎርባጣ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳየኝ መዳፉ ላይ ጨው አሸ፣ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨምቅ ሰው እጆቹን ጠመዘዘ። እኔ ግን ከኔ በላይ ባለሙያ ላሳር! ገባኝ፣ ገባኝ እያልኩ መንገዴን ቀጠልኩ።

ከትፌ በቅቤ አቁላላሁት። ረቡዕ ስለሆነ እኔ አልቀመስኩም። ሳልቀምስ ጨው መለየቴ ደግሞ የምኮራበት ሙያዬ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስንቱን በዚህ አሰልችቻለሁ! ሴቶቹ አንድ አንድ እንደጎረሱ ፊታቸው ተጨማደደ። አለቃችን አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። አንዷ ምን በድለንሽ ነው አለችኝ። ጾሙን ትቼ በምላሴ ጫፍ ብነካው፣ እማዬ፣ ከሱ ጋር ሲተያይ ኮሶ ማር ነው።

ድስቴን ታቅፌ ወደ ገበያው በረርኩ። በሰው ፊት፣ አንተ ነህ ያዋረድከኝ ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ጣቱን ነከር አድርጎ ቀመሰና ጨው አሽተሽ ጨምቀሽዋል ወይ አለኝ። ውሸታም አልኩት። የመረጡትን ቲማቲም መልሰው አስቀምጠው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ የተመለሰለትን ቲማቲም በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ማታውን ነው ላንቺ የደወልኩት።

ዓርብ ዕለት አጠገቤ የምትተኩሰው ሴት፣ ያ ነገር ጨው ታሽቶ ካልተጨመቀ ያሳደገችኝ አያቴም አትበላው አለችኝ። ከሌላ ሱቅ ገዝቼ እንዳለችው አደረግኩ። አረንጓዴ ውሃ እንባ መስሎ ወረደ። በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠበስኩት። ምን ልበልሽ! ምሬቱ እንደ ጥሩ ጠላ ጌሾ ምላስ ጫፍ ላይ ብቻ ይቀራል። መጥበሻውን ጠርጌ በላሁ፤ በየጉርሻው ግን ያ ሽማግሌ ፊቴ ድቅን ይላል።

ሁለት ሳምንት በሌላ መንገድ ስዞር ከርሜ፣ ባለፈው ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። እማዬ፣ ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል! ምን ነካህ አልኩት። ሣጥን ወድቆብኝ ነው አለኝ። እኔ የማውቀውን እሱ አያውቅም። ይቅር በለኝ ስለው ሳቀና በግራ እጁ ከዚያው አትክልት ሁለት ፍሬ ከረጢቴ ውስጥ ጣል አደረገልኝ። እናቴ ረግማሃለች ብዬ በየትኛው አፌ ልንገረው?

ስለዚህ ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ፣ ሳታድሪ፣ እንትፍ እንትፍ ብለሽ መርቂው። እጁ ይለምልም በይ። ቀኙ ነው፣ እንዳትሳሳቺ። የአንቺን እርግማን አንቺ ታነሺዋለሽ። እኔ ግን አንቺ ስትረግሚ በስልኩ ውስጥ ጮክ ብዬ አሜን ብያለሁ፤ ያንን የት ሄጄ ልመልሰው? እስኪሻለው ድረስ ከሥራ ስወጣ ሣጥኖቹን እኔ ላነሳለት ተስማምተናል። ከባድ ናቸው፤ ወገቤን ይዞኛል፤ ደስ ብሎኛል።

ወንድሜን በጉንጩ ሳሚልኝ። ሚስቱን ስላነበበች እግዜር ይስጥልኝ፣ የሰማችውንም ለራሷ ትያዘው። ለአክስቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስለ ሙያዬ ከጠየቀች ደህና ናት ብቻ በያት።

ያሳፈረችሽ ልጅሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን