በቀኝ ኮላ፣ በግራ አደንጓሬ

ይድረስ ሊብረቪል ለምትኖረው፣ ስልኳን ለማታነሣው ለልጅ ልጄ፣ በጨዋታችን ሚስቴ ለኜሌ ትራኦሬ።

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ሌሊቱን በሰላም አደርሽ? ቤቱ ሰላም ነው? ባልሽ ኡማሩ ደህና ነው? በስሜ የሚጠራው ልጅሽ፣ ተቀናቃኜ ትንሹ ዙማናስ፣ ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ እኔ በድዱ ነው የሚያኝከው? የምታዋልጃቸው እናቶችስ በሰላም ይገላገላሉ? የባሕሩ ነፋስ ተስማማሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከራዲዮ ቀድሞ ወሬ ያቀብላል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ጣውንትሽ አያትሽ ጄኔባም ደህና ናት፤ «ባሌን የምትመኝ ያቺ ልጅ መጥታ ትውሰደው፣ ጓዙን እኔ አዘጋጃለሁ» ብላሻለች።

ስደውልልሽ ስደውልልሽ እምቢ ስላልሽኝ ይኸው ወረቀት አነሣሁ። ደብዳቤ ደግሞ ከስልክ የሚሻልበት ነገር አለው፤ መሐል ገብተሽ «አባባ፣ በቃህ» ልትይኝ አትችዪም። የሚያደርስልሽ ወደ እናንተ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሻንጣው ውስጥ ከደረቀ ዓሣ ጋር ስለሚጓዝ ወረቀቱ ቢሸትሽ በእኔ አታሳብቢ።

አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው። ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ። ያሳፈርኩሽም ነገር በሰላም አልቋል። አሁን እፎይ በይና እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

የዚህ ሁሉ ጥፋት ጀማሪ አንቺ መሆንሽን ግን እንዳትረሺ። ዓይኔ ደክሞ የጀልባ ሞተር መጠገን ባቆምኩ ጊዜ፣ «አባባ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ከሚነክስ ታሪክ ይማር» ብለሽ በኢንተርኔት የመዘገብሽኝ አንቺው ነሽ። የመጀመሪያው ኮርስ ስለ ጥንቱ የማሊ መንግሥት ነበር፤ አራት ሳምንት። አስተማሪዎቹ ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። ጣቴን ሳሳርፍባቸው ዝም ይላሉ፣ ደግሜ ስነካቸው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በሰባ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። አያትሽንም እንደዚያው ሞክሬያት ነበር፤ አልሠራም። ሁለተኛው ስለ ሴጉ ነገሥታት ነበር። ጄሊው ሞሪባ ከሠርግ ሠርግ እየዞረ የሚያዜመውን ታሪክ አንዲት ባለ መነጽር ሴት ካርታ ዘርግታ ስታብራራው ገርሞኝ ሞሪባን አስጠርቼ አሳየሁት። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ጥሩ ነው፤ ግን ዜማ የለውም» አለኝ።

ጣጣውን ያመጣው ሦስተኛው ነው። ይኼኛው ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን፣ ስለ ወንዛችንና እዚሁ ማርካላ ስለተሠራው ግድብ ነው። በየሐሙሱ ሁላችንም ፊት ለፊት እየተያየን እንማራለን፤ ከስምንት አገር ሃያ ሁለት ተማሪዎች ነን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማስታወቂያ መጣልን። የግድቡን ሥራ በዓይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ሰው የምታውቁ እንደሆነ በመጨረሻው ሐሙስ አቅርቡት፣ ቃሉ ተቀርጾ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል ይላል። እኔም ወዲያው እማማ ዋሳን አሰብኩ።

ከመስጊዱ ጀርባ ያለችውን እማማ ዋሳን መቼም አትረሻትም። አሁን ዘጠና አራት ዓመቷ ነው። ግድቡ ሲሠራ እናቷ በግዳጅ ለመጡት ሠራተኞች ታበስል ነበር፤ እሷ ደግሞ ትንሽ ልጅ ሆና ምግቡን በቅል ታደርስላቸው ነበር። ሄጄ ስነግራት «አንድ ነገር አለኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ምርኩዟን ይዛ ደጃፌ እየመጣች «ሐሙሱ መቼ ነው?» ትለኛለች። በዚያ ዕድሜ ሐሙስ የሚጠብቅ ሰው ሐሙሱን ቢያጣ ምን እንደሚሆን፣ አንቺ የሰው ሕይወት በእጅሽ የሚያልፍ አዋላጅ ነሽና ታውቂዋለሽ።

በአምስተኛው ሐሙስ አዲስ አስተማሪ መጣችልን። «ማሳራን ጃራ እባላለሁ» አለች። እስቲ ፍረጂኝ ልጄ። ጃራ የምትባል ሴት ፊቱ ተቀምጣ እንዴት ነው ትራኦሬ ዝም የሚለው? ሰናንኩያ እኮ የጃራና የትራኦሬ አያቶች የተማማሉበት የቀልድ ዝምድና ነው። ጃራን አይቶ «አደንጓሬ በላ» ብሎ ያልተሳደበ ትራኦሬ ንቆታል ማለት ነው። እኔም ማይኩን ከፈትኩና፣ «አደንጓሬ በላ ሁሉ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አስተማሪ የሆነው? አንቺ የእኔ ባሪያ አይደለሽም እንዴ? ከማሳው ማን ለቀቀሽ?» አልኳት።

ከንፈሯ ሲነሣ አየሁት። ልትመልስልኝ ነበር። በዚያችው ቅጽበት ባማኮ መብራት ጠፋና ማሳራን ጃራ ከፊታችን ድርግም አለች። የእኔ ስድብ በስምንት አገር ሰው መሐል ብቻውን ተገትሮ ቀረ። መልስ ያላገኘ ቀልድ ስድብ ነው፣ ልጄ። በዚያ ላይ የዕለቱ ትምህርት ስለ ሰው መሸጥና መለወጥ ነበር። በክፍሉ ሥርዓት የሚያስከብረው ወጣት ፊቱ አመድ መስሎ አስወጣኝ። በማግስቱም ከትምህርቱ መሰረዜን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ፤ የተመዘገብኩት በአንቺ አድራሻ ስለሆነ ላንቺም ደረሰሽ። አንቺም፣ እሷ የኛ ሰው ናት፣ የቀሩት ግን ምን ያውቃሉ፣ የእኔንስ ስም ለምን ከዚህ ውስጥ ከተትከው ብለሽ ጽፈሽ ስልኩን ጥርቅም አደረግሽው። እውነትሽን ነው። ይህችን «እውነትሽን ነው» የምትለዋን ቆርጠሽ ለኡማሩ አሳዪው፤ ሁለተኛ ከእኔ እጅ አትወጣም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የእኔ መሰረዝ አልነበረም። እማማ ዋሳ በማግስቱም መጣች። «ሐሙሱ መቼ ነው?» «ገና ነው እማማ።» በሦስተኛው ቀን ምርኩዟን ስሰማ በጓሮ በኩል ወጣሁ። አዞ እንኳ ሲያየኝ ውኃ ይለቅልኝ የነበረ እኔ ዙማና፣ ከአንዲት አሮጊት ተደብቄ ከፍየሎቹ ጋር በረት ውስጥ ስቀመጥ አስቢው። አሥር ቀን እንዲህ ሆንኩ። በመጨረሻ አያትሽ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አገኘችኝና «አፍህ የቀደደውን እጅህ ይስፋው እንጂ ፍየሎቹ ምን አደረጉህ?» አለችኝ።

እጄ ይስፋው ቢባል እንዴት? ያስቀየመ ሰው ዘር ቆጣሪና አስታራቂ በሆነው በጄሊ እጅ የይቅርታ ኮላ ፍሬ ይልካል፤ ይኼ የታወቀ ነው። ግን ለጃራ ኮላ መላክ ማለት የምሬን ነው የሰደብኩሽ፣ ዘመዴም አይደለሽም ማለት ነው። አደንጓሬ ልላክላት ብል ደግሞ፣ የትምህርት ብዛት ሳቅ ካስረሳቸው ሰዎች አንዷ እንደሆነች አለቀልኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እማማ ዋሳም አለቀላት። አንድ ቀን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩና ሞሪባን ጠርቼ ሁለቱንም አስያዝኩት። አሥር ፍሬ ኮላ በቀኝ እጁ፣ አንድ ከረጢት አደንጓሬ በግራው። «ፊቷን አይተህ ነው» አልኩት፤ «ከተቆጣች ቀኝህን ዘርጋ፤ ከሳቀች ግራህን።» እሱም «ባትቆጣም ባትስቅምስ?» አለኝ። «እንግዲያው አንተ ሳቅና ሩጥ» ብዬ የባማኮ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት።

ያን ዕለት ምግቤን ትቼ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። አያትሽ ድስቱን አንሥታ «ጃራ ትግደልህ» ብላኝ ሄደች። ከቀትር በኋላ ሞሪባ ደወለ። መቼም ጄሊ ነውና ወሬውን ሳያስረዝም አይነግርም፤ መጀመሪያ የአውቶቡሱን ጎማ ታሪክ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የዘበኛውን የዘር ሐረግ። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ሴትየዋ በወባ ተይዛ ተኝታ ኖሯል፤ የእኔን መሰረዝ ማንም አልነገራትም። «ከማርካላ ነው የመጣሁት፣ ከዙማና ትራኦሬ» ሲላት መነጽሯን አወለቀች። ሞሪባ ቀኙን ይዘርጋ ግራውን ግራ ገብቶት ላብ አጠመቀው።

«ያ ሌባ በሕይወት አለ?» አለች። «መልሱን አዘጋጅቼ ስፈልገው አሥር ቀኔ።»

ሞሪባ ግራውን ዘረጋ። ከረጢቱን ከፍታ አየችና፣ መንገድ ላይ ግማሹን በልተኸዋል፣ ከትራኦሬ ጋር የዋለ ሌብነት ይማራል አለችው። ቀጥላም ቀኝ እጅህን ምን ብለህ ነው የጨበጥከው ብላ ጠየቀችው። ብትቆጪ የምሰጥሽ ነበር ሲላት፣ እንግዲያው ተቆጥቻለሁ ብላ ኮላውንም ወሰደችበት። ይህን ስሰማ ምን እንዳደረግኩ አልነግርሽም፤ አያትሽ እንዳትነግርሽም ለምኛታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ማሳራን ራሷ ወደ ክፍሉ መለሰችኝ። «ተማሪዎች» አለች፣ «ይህ ሽማግሌ ከማሳዬ የኮበለለ ነው። ጥርሱ አልቆ አደንጓሬ ማኘክ ስላቃተው ቅናት ነው የሚያናግረው።» ከዚያ ያዘጋጀችውን ትምህርት ትታ ሰናንኩያን አስረዳቻቸው። በቀልድ የተዛመዱ ሰዎች ደም አይፋሰሱም፤ የፈለገውን ቢባባሉ ቂም አይያዙም፤ ንጉሥ ሊያስታርቀው ያልቻለውን ጠብ አንድ ቀልደኛ ዘመድ ገብቶ ይበትነዋል አለቻቸው። ያ ሥርዓት አስከባሪ ልጅ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሲጀምር ከለከልኩት። በሩን የሚጠብቅ ሰው ባለቤቱንም ቢሆን ካላወቀው ማስገባት የለበትም አልኩት።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ጁሬማ የምትባል የብራዚል ሴት አብራን ትማራለች። የቅድመ አያቷ እናት ከእኛው ምድር በሰንሰለት የተወሰደች ናት። ያቺን «ባሪያ» የምትል ቃል በሰማች ጊዜ ስልኳን ዘግታ ሁለት ሐሙስ ሳትመጣ ቀርታ ነበር፤ ማሳራን ደውላ ነው ያመጣቻት። ለእሷ አልቀለድኩም። በእኛ ዘንድ ጨዋታ የሆነ ቃል በአንቺ ቤት ቁስል መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፣ ልጆችሽን በሰላም ያሳድግልሽ አልኳት። ጥቂት አየችኝና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እኔና ማሳራንም ያቺን ቃል በመንደራችን ትተን በክፍል ውስጥ በአደንጓሬ ብቻ ልንሰዳደብ ተስማማን። አደንጓሬ መቼ አንሶን።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ እማማ ዋሳ መጣች። ጥቁር ሰማያዊ የኢንዲጎ ጨርቋን ለብሳ፣ ልጇ ደግፋት። ስልኩን በሻይ ቆርቆሮ አስደግፌ ፊቷ አቆምኩላት። እሷ በባምባራ ትናገራለች፣ ማሳራን ትተረጉማለች። ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፍልሽ።

«ዛንጋ የሚባል ሰው ነበር። ከኩቲያላ በኩል ያመጡት ነው። ምሳውን ሳደርስለት የመጨረሻዋን ጉርሻ ሁልጊዜ ለእኔ ይተውልኛል። ልጅ ነኝ፣ ይርበኛል። አንድ ቀን ቅሉን ይዤ ስመጣ የለም። ሌሊት ትኩሳት ገድሎታል፣ ቀብረነዋል አሉኝ። ቅሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ምሳውን በላሁት። ጨረስኩት። እናቴ ስትጠይቀኝ እሱ በላው አልኳት።»

ማሳራን ቀስ ብላ «እማማ፣ ርቦሽ ነበር እኮ» አለቻት። «ርቦኝ ነበር» አለች እማማ ዋሳ። «ስሙን ጻፉት። ሠራተኛ ብላችሁ አትለፉት፤ ዛንጋ ብላችሁ ጻፉት።»

ማሳራን በነጭ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፈችው። እማማ ዋሳ ፊደል አታውቅም፤ «የትኛው ነው እሱ?» አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን ዘርግታ ነካችው። መስታወቱን ስትነካው ጽሑፉ ተንሸራቶ ከዓይኗ ራቀ። ፍም እንደነካው ሁሉ እጇን ሰበሰበችና «አጠፋሁት?» አለች።

«አልጠፋም እማማ» አልኳት፤ በጣቴ ጎትቼ መለስኩላት። «ብትነኪውም አይጠፋም።»

በማግስቱ ማለዳ ምርኩዟን ጠበቅሁ፤ አልመጣችም። ፀሐይ ወጣ፣ አሁንም የለችም። ልጄ፣ ጉልበቴን ረስቼ ነው የሄድኩት። ልጇ በር ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። «ተኝታለች» አለችኝ። «በዕድሜዬ እናቴ ጎህ ከቀደደ በኋላ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።» እኔም ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ጫፍ ተመለስኩ።

አያትሽ ጄኔባ ለኡማሩ፣ ከዚህ ሽማግሌ ተቀናቃኝህ አላህ ይጠብቅህ ትለዋለች። አክስትሽ ራማታ ያደረቀችውን ባሚያ ልካልሻለች፤ ስትበዪው እሷን እንድትመርቂያት ነው። ሞሪባ ስምሽን በዜማ አድርጎ ከኋላዬ እየጮኸ ሰላም ይልሻል። ማሳራን ጃራም፣ ለዚህ ሽማግሌ ትምህርት የመረጥሽለት እጅሽ ይባረክ፣ አደንጓሬው ግን አንሷል ብላሻለች። ተቀናቃኜን ትንሹን ዙማናን ግንባሩን ሳሚልኝና ጃራ ሲያገኝ ምን እንደሚል ከአሁኑ አስተምሪው። ስልክሽንም አንሺ።

ሽማግሌው ባልሽ፣ አያትሽ
ዙማና ትራኦሬ

ማርካላ፣ ኦገስት 17 ቀን 2025